የተዳፋት ማሳ በኮምፒዩተር ውስጥ ለምን ያንሳል?

ዳገት ላይ የሚያርስ አንድ የምዕራብ ሸዋ ገበሬ ‹‹ማሳዎ ምን ያህል ነው?›› ተብሎ ቢጠየቅ ሁለት መልስ ሊኖረው ይችላል፡፡ አንደኛው በቀድሞው የይዞታ ደብተር ላይ በእጅ የተጻፈው ቁጥር ነው፡፡ ሁለተኛው ደግሞ ኋላ ላይ ካርታ ተነሥቶለት፣ በኮምፒዩተር ታትሞ የተሰጠው ነው፡፡ ማሳው ተዳፋት ከሆነ ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ሊያንስ ይችላል፡፡ ድንበሩ አልተነካም፣ ጎረቤት አልገፋም፣ መንገድም አላለፈበትም፡፡ ቁጥሩ ግን ቀንሷል፡፡

ምዕራብ ሸዋ ላይ ይህን ‹‹የቴክኒክ ጉዳይ ነው›› ብሎ ማለፍ አይቻልም፡፡ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያለውን የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን የተቃወሙ ተማሪዎች አምቦ ላይ ሰልፍ ወጥተው የሰው ሕይወት ጠፍቷል፡፡ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ተቃውሞው እንደገና ከጊንጪ ተነሥቶ ክልሉን አዳረሰ፤ ፕላኑም በጥር ወር ተሰረዘ፡፡ ካርታ ላይ የተሳለ መስመር ምን እንደሚያመጣ በቅርብ ያየ ሕዝብ፣ ደብተሩ ላይ ቁጥር ቀንሶ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያስበው ‹‹ተወሰደብኝ›› የሚለውን ነው፡፡ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ሌላ አላስብም፡፡

ለመሆኑ ቁጥሩ ለምን ቀነሰ? በ1990ዎቹ የተጀመረው የመጀመሪያ ደረጃ የገጠር መሬት ምዝገባ ካርታ አልነበረውም፡፡ ማሳው በገመድ ወይም በሜትር፣ አንዳንዴም በዓይን ግምት ይለካና አዋሳኞቹ በስም ይጻፋሉ፡፡ ገመድ ደግሞ የሚዘረጋው መሬቱ ላይ ነው፤ መሬቱ ሲወጣ ይወጣል፣ ሲወርድ ይወርዳል፡፡ (የሠለጠነ ቀያሽ ሜትሩን አግድም አድርጎ ደረጃ በደረጃ እየለካ ይወርዳል፡፡ የቀበሌ ኮሚቴ ግን ቀያሽ አይደለም፡፡) በሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ የመጣው አሠራር የተለየ ነው፡፡ ከአየር የተነሣ ፎቶግራፍ ተስተካክሎ ይታተምና ገበሬው በጎረቤቶቹ ፊት ድንበሩን ያሳያል፣ መስመሩ ፎቶው ላይ ይሰመራል፣ ከዚያም ወደ ኮምፒዩተር ይገባል፡፡ የተስተካከለው ፎቶ መሬቱን የሚያሳየው በቀጥታ ከላይ ወደ ታች እንደሚታይ ነው፡፡ ከላይ ሲያዩት ደግሞ ዳገት ያጥራል፡፡

በቁጥር እንየው፡፡ ወርዱ 100 ሜትር የሆነ ማሳ አለ እንበል፡፡ ከግርጌው እስከ አናቱ ያለው አግድም ርቀት 50 ሜትር ሲሆን፣ አናቱ ከግርጌው በ30 ሜትር ይበልጣል፡፡ ይህ 60 በመቶ ተዳፋት ነው፡፡ ገመድ ዘርግቶ ዳገቱን የለካ ሰው 58 ሜትር ከ31 ሳንቲ ሜትር ያገኛል፤ ስፋቱም 5,831 ካሬ ሜትር ይመጣል፡፡ ፎቶው ግን 100 በ50፣ ማለትም 5,000 ካሬ ሜትር ይላል፡፡ የ831 ካሬ ሜትር ልዩነት ነው፡፡ ተዳፋቱ 30 በመቶ ቢሆን ልዩነቱ ወደ 220 ካሬ ሜትር ይወርዳል፡፡ ሜዳ ላይ ልዩነት የለም፡፡ ስለዚህ ‹‹የቀነሰባቸው›› ገበሬዎች በዘፈቀደ የተበተኑ አይደሉም፤ ከማሳቸው ሌላ ምንም ሳያደርጉ ዳገት ላይ የተወለዱ ናቸው፡፡

አግድም ስፋት መያዙ በራሱ ጥፋት አይደለም፡፡ ጤፍም ሆነ ስንዴ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ነው የሚበቅለው፤ ዝናቡም ከላይ ነው የሚወርደው፡፡ ምርትን ለመገመት አግድም ስፋት ይሻላል፤ በየአገሩ የካዳስተር ልማድም ይኸው ነው፡፡ በሬ የሚጎትተው ሞፈር፣ ሰው የሚክበው የድንጋይ እርከንና ጎርፍ የሚያጥበው አፈር ግን የሚቆጠሩት በ58 ሜትሩ ነው እንጂ በ50ው አይደለም፡፡ ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፡፡ ችግሩ መዝገቡ አንዱን ብቻ መያዙና ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አለመናገሩ ነው፡፡

ታዲያ ሁለቱንም መያዝ ምን ያቅታል? ‹‹ከፍታውን ጨምሩበትና ይለቅ›› ማለት ቀላል ነው፡፡ እኔ የሕግ ምሩቅ እንጂ የኮምፒዩተር ባለሙያ አይደለሁም፤ ይሁንና የመረጃ ቋት ወይም ዳታቤዝ የሚሠራበትን መንገድ ሳጠና ጉዳዩ ለሕግ ሰው እንግዳ ሆኖ አላገኘሁትም፡፡

ያለ ክፍያ የሚገኘውንና በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራበትን ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝ ለምሳሌ ልውሰድ፡፡ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1986 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ በፕሮፌሰር ማይክል ስቶንብሬከር መሪነት የተጀመረ ፕሮጀክት ነው፡፡ (ሰውየው በዳታቤዝ ሥራቸው የእ.ኤ.አ. 2014ን የቱሪንግ ሽልማት አግኝተዋል፡፡) ይህ ዳታቤዝ ቁጥርና ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን ነጥብ፣ መስመር፣ ሳጥን፣ ክብና ባለ ብዙ ጎን ቅርጽ ማስቀመጥ ይችላል፡፡ እነዚህ ከዳታቤዙ ጋር አብረው የተወለዱ የቅርጽ ዓይነቶች ግን ሁሉም ጠፍጣፋ ናቸው፡፡ አንድ ነጥብ ማለት ሁለት ቁጥር ነው፤ አንዱ ወደ ምሥራቅ ምን ያህል፣ ሌላው ወደ ሰሜን ምን ያህል የሚል፡፡ እያንዳንዱ ቁጥር 8 ባይት ይይዛል፤ ነጥቡ 16 ባይት ነው፡፡ ለሦስተኛ ቁጥር የተተወ ክፍት ቦታ የለም፡፡

ለምን አይጨመርም? ምክንያቱም በዓለም ዙሪያ ዲስክ ላይ የተቀመጠው ነጥብ ሁሉ የተጻፈው በ16 ባይት ነው፡፡ ነባሩን ዓይነት መቀየር ማለት ትናንት የተጻፈውን ውል በዛሬ ሕግ ማንበብ ማለት ነው፤ እኛ ‹‹ሕግ ወደ ኋላ አይሠራም›› የምንለውን መጣስ ነው፡፡ የዳታቤዙ ሰዎች የመረጡት ሁነኛ ሕግ አውጪ የሚመርጠውን መንገድ ነው፡፡ ነባሩን ድንጋጌ ሳይነኩ ከጎኑ አዲስ አዋጅ ማውጣት! ፖስትግሬስ ከመነሻው ተጠቃሚው የራሱን የመረጃ ዓይነት እንዲጨምርበት ታስቦ የተሠራ ነውና፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የካናዳው ሪፍራክሽንስ ሪሰርች ፖስትጂአይኤስ የተባለውን ማሟያ አወጣ፡፡ በዚህ ማሟያ አንድ ነጥብ እስከ አራት ቁጥር መያዝ ይችላል፡፡ ሦስተኛው ከፍታ ነው፡፡ አራተኛው እንደ ልብ የሚሞላ መለኪያ ነው፤ ለምሳሌ ከአዲስ አበባ በአምቦ በኩል ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ድልድይ ስንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ እንደሚገኝ ለመያዝ ያገለግላል፡፡

እስከዚህ መልካም ነው፡፡ አደጋው ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው፡፡ አዲስ የመረጃ ዓይነት ማለት የማስቀመጫ ቦታ ብቻ አይደለም፡፡ እንዴት እንደሚለካ፣ እንዴት እንደሚነጻጸርና እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ የሚነግሩት ተግባራት ሁሉ አብረውት መለወጥ አለባቸው፡፡ አሁን የቅድሙን ማሳ አራት ማዕዘኖች ከነከፍታቸው እናስገባ፤ ግርጌው 2,100 ሜትር፣ አናቱ 2,130 ሜትር ብለን፡፡ ፖስትጂአይኤስን በተለመደው የስፋት ትዕዛዝ ብንጠይቀው መልሱ 5,000 ነው፡፡ ዙሪያው ስንት ነው ብንለው 300 ሜትር ይላል፡፡ ከፍታውን አንብቦ ዙሪያው 316 ሜትር ከ62 ሳንቲ ሜትር መሆኑን የሚናገረው ‹‹ባለ ሦስት ዳይሜንሽን›› የሚል ስም ባለው ሌላ ትዕዛዝ ስንጠይቀው ብቻ ነው፡፡ 5,831 ካሬ ሜትሩን ለማግኘትም እንዲሁ የተለየ ትዕዛዝ፣ እሱን የሚያንቀሳቅስ ተጨማሪ ሶፍትዌርም መጫን ያስፈልጋል፡፡

ልብ በሉ፤ የተለመደው ትዕዛዝ ‹‹ከፍታውን አልተጠቀምኩበትም›› ብሎ አያስጠነቅቅም፡፡ ዝም ብሎ 5,000 ይላል፡፡ በእኔ ግምት ከፍታ ጨርሶ ከሌለው መዝገብ ይልቅ ከፍታ ይዞ የማይጠቀምበት መዝገብ ይብሳል፡፡ የመጀመሪያው ምን እንደጎደለው ሁሉም ያውቃል፡፡ ሁለተኛው ‹‹ዘመናዊ፣ ባለ ሦስት ዳይሜንሽን›› ተብሎ በሪፖርት ይመሰገናል፣ ፍርድ ቤት ቀርቦም ጠፍጣፋ ምስክርነት ይሰጣል፡፡

ፍለጋውም እንዲሁ ነው፡፡ ከመቶ ሺዎች ማሳ መካከል አንዱን በቅጽበት ለማግኘት ዳታቤዙ እያንዳንዱን ማሳ በሐሳብ ሳጥን ያስገባዋል፤ ትንንሾቹን ሳጥኖች በትልልቅ ሳጥኖች ያቅፋል፣ እነዚያንም በሌላ፡፡ አንቶኒን ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተመው የአር ዛፍ ሐሳብ ነው፡፡ ጠፍጣፋ ሳጥን በአራት ቁጥር ይገለጻል፣ ከፍታ ያለው በስድስት፡፡ ፖስትጂአይኤስ ሳያዝዙት የሚሠራው ማውጫ ጠፍጣፋውን ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሁለተኛው ትልቅ እትም ከፍታንም የሚያይ ማውጫ ጨመረ፤ ነገር ግን በስሙ ጠርቶ ማዘዝ ያስፈልጋል፡፡ ‹‹ይደራረባሉ ወይ?›› ብሎ ለመጠየቅ ጠፍጣፋው በሁለት የ‹‹እና›› ምልክት ይጻፋል፤ ከፍታ የሚያየው በሦስት፡፡ በአንድ ምልክት ልዩነት የፎቅ ቤት ከምድር ቤቱ ጋር ይጋጫል ወይም አይጋጭም ማለት ነው!

ሌላም አለ፡፡ የማሳውን አራት ማዕዘኖች ከነከፍታቸው ካስገባን በኋላ መሐሉ ምን ዓይነት ነው? ባለ ሦስት እግር በርጩማ የትም ብታስቀምጡት አይወዛወዝም፤ ባለ አራት እግር ወንበር ግን ወለሉ ትንሽ ከተበላሸ ይንቀጠቀጣል፡፡ ሦስት ነጥቦች ምንጊዜም አንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ያርፋሉ፤ አራተኛው ግን ከገጹ ወጣ ሊል ይችላል፡፡ ያን ጊዜ ‹‹የማሳው ገጽ ስፋት ስንት ነው?›› የሚለው ጥያቄ አንድ መልስ አይኖረውም፡፡ በዚህ ምክንያት ነው ያው የ2012 እትም መሬትን በትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ሸንሽኖ የሚይዝ ዓይነት፣ ለሕንፃ ደግሞ ብዙ ገጾችን አጋጥሞ የሚይዝ ሌላ ዓይነት ያስተዋወቀው፡፡ ከፍታ መጨመር አንድ አሐዝ መጨመር ይመስላል፤ ውስጡ ሲገቡ ግን የቅርጹን ትርጓሜ እንደ አዲስ መጻፍ ነው፡፡

ከሦስትና ከአራት በላይም መሄድ ይቻላል፡፡ ከፖስትግሬስ ጋር የሚመጣ ‹‹ኪዩብ›› የተባለ ማሟያ እንደ ተለመደው ሲጫን እስከ 100 ዳይሜንሽን ይቀበላል፡፡ (ስብሰባ ላይ ‹‹ዘርፈ ብዙ›› የምትለዋ ቃል እንኳ እዚህ አትደርስም፡፡) ቃላትን በመቶዎች በሚቆጠሩ ቁጥሮች የሚወክሉት የዘመኑ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራዎች ከዚያም ያልፋሉ፡፡ ዳይሜንሽን በበዛ ቁጥር ግን ሳጥኖቹ ሁሉ እርስ በርስ እየተደራረቡ ማውጫው ዋጋ ያጣል፣ ሌላ ዘዴ ይፈለጋል፡፡ ለመሬት መዝገብ ይህ አያስፈልገንምና እንለፈው፡፡

ወደ ሕጉ ልመለስ፡፡ የሚገርመው፣ ሕጋችን ከመዝገባችን ቀድሞ ባለ ሦስት ዳይሜንሽን ሆኗል፡፡ የ1997ቱ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስና ልቅ ግጦሽም እንዳይደረግበት ከልክሎ፣ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ልማት እንዲውል አዝዞ ነበር፡፡ ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነው ላይ ዓመታዊ ሰብል የሚፈቀደው የጠረጴዛ እርከን ሲሠራ ብቻ ነበር፡፡ አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል፡፡ ላነሣ የፈለግኩት ግን ድንጋጌው ጸንቶ በነበረባቸው ዓመታት የተፈጠረውን ሁኔታ ነው፡፡ ሕጉ የገበሬውን ግዴታ በተዳፋት መጠን ለየ፤ ማሳውን የሚመዘግበው ቅርጽ ደግሞ ተዳፋት የሚባል ነገር አያውቅም፡፡ ‹‹የእርስዎ መሬት 62 በመቶ ነው፣ አይታረስም›› የተባለ ሰው ‹‹ከምን ላይ አገኛችሁት?›› ቢል መዝገቡ ምንም ማስረጃ የለውም፡፡ በማስረጃ ሕግ ዓይን ይህ ትልቅ ክፍተት ነው፤ በዓይን የገመተ የልማት ሠራተኛ ቃል ይቀራልና፡፡

ከተማ ውስጥ ነገሩ ሌላ መልክ አለው፡፡ አምቦም ሆነ ጉደር ምድር ቤቱ ሱቅ፣ አንደኛው ፎቅ ቢሮ፣ ላይኛው መኖሪያ የሆነ ሕንፃ ቢሠራና ሦስቱ ለሦስት ሰው ቢሸጡ፣ ከላይ ሲታዩ ሦስቱም አንድ ዓይነት አራት ማዕዘን ናቸው፡፡ የካዳስተር የመጀመሪያ ደንብ ደግሞ ሁለት ቁራሽ መሬቶች መደራረብ የለባቸውም የሚል ነው፡፡ ጠፍጣፋው ዳታቤዝ ሦስቱን ባለቤቶች እንደ ሦስት ተጋጪዎች ያያቸዋል፡፡ የፎቅ ባለቤትነት ለሕጋችን አዲስ አይደለም፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም፣ በጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995ም አለ፡፡ የአምቦ ማዕድን ውሃ ደግሞ ጉዳዩን ወደ ታች ይወስደዋል፡፡ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ የሚሸጠው ውሃ የሚመጣው ከመሬት ሥር ነው፤ ከላይ ያለው ሣር የአንዱ ይዞታ፣ ከሥር ያለው ሀብት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው፡፡

እንግዲህ ሁሉንም ወደ ሦስት ዳይሜንሽን እንለውጥ? በእኔ አስተያየት አይሆንም፡፡ ለፎቅ ቤቶች የሕንፃውን መሬት ጠፍጣፋ አድርጎ ይዞ፣ ክፍሎቹን በተለየ ሰንጠረዥ በፎቅና በቤት ቁጥር መዘርዘር ይበቃል፤ ሕጉም የሚፈልገው የግልና የጋራ ድርሻ ተለይቶ እንዲመዘገብ እንጂ እያንዳንዱ ግድግዳ በአየር ላይ እንዲሳል አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ዓለም አቀፍ የመሬት አስተዳደር ሞዴል፣ አይሶ 19152፣ ለሁለቱም አቀማመጥ ቦታ ሰጥቶ ምርጫውን ለየአገሩ ትቶታል፡፡ አንዱ ሕንፃ በሌላው ላይ ተንጠልጥሎ ሲወጣ ወይም መንገድ በሰው ይዞታ ሥር ሲያልፍ ያኔ እውነተኛውን ባለ ሦስት ዳይሜንሽን ቅርጽ ማምጣት ይቻላል፡፡

ለገጠሩም ማሳ የማሳውን ቅርጽ መለወጥ አያስፈልግም፡፡ መስመሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቆይ፡፡ የመሬቱን ከፍታ የሚይዝ ሌላ ሽፋን ከሥሩ ይነጠፍና የእያንዳንዱ ማሳ አማካይ ተዳፋትና የገጽ ስፋት ከዚያ ይሰላ፡፡ ከዚህ ይልቅ ለአራተኛው ዳይሜንሽን፣ ለጊዜ፣ ብንጨነቅ ይሻላል፡፡ የመሬት ክርክር ብዙ ጊዜ ‹‹የት ነው?›› ብቻ ሳይሆን ‹‹ያን ጊዜ የማን ነበር?›› የሚል ነውና፤ ከፍቺው በፊት ወይስ በኋላ፣ አባት ሳይሞት ወይስ ከሞተ በኋላ፡፡ ፖስትግሬስ ከእ.ኤ.አ. 2012 ጀምሮ ‹‹ከዚህ ቀን እስከዚያ ቀን›› የሚል የጊዜ ወሰንን እንደ አንድ ዋጋ የሚይዝ ዓይነት አለው፡፡ አንድ ሙሉ ይዞታ በአንድ ወቅት በሁለት የተለያዩ ደብተሮች እንዳይመዘገብም ዳታቤዙ ራሱ መከልከል ይችላል፡፡ አሮጌውን ስም ሰርዞ አዲሱን የሚጽፍበት መዝገብ ግን ለዳኛው የሚነግረው የዛሬውን ብቻ ነው፡፡

ከፍታው ከየት ይመጣል የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል፡፡ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ከጠፈር መንኮራኩር የተለካው የዓለም ከፍታ መረጃ በነጻ ይገኛል፤ ሆኖም አንዱ ነጠብጣብ 30 ሜትር በ30 ሜትር ያህል ስለሆነ ቅድም ባየነው ግማሽ ሄክታር ላይ የሚያርፉት አምስት ወይም ስድስት ብቻ ናቸው፡፡ ለወረዳ ፕላን ይበቃል፤ ለአንድ ገበሬ ክርክር አይበቃም፡፡ የተሻለው ምንጭ ቅርብ ነው፡፡ የአየር ፎቶግራፍ ዳገቱና ቁልቁለቱ ያዛባውን ለማስተካከል የመሬቱ ከፍታ ሞዴል የግድ ያስፈልጋል፤ ያለሱ ገበሬው ድንበሩን ያሳየበት ፎቶ አይሠራም፡፡ ይህም ማለት ማሳው ሲመዘገብ ከፍታው በሥራው ሒደት ውስጥ ነበረ፤ ፎቶውን ለማቃናት ካገለገለ በኋላ ግን ወደ ደብተሩ አልገባም፡፡ እነዚያ ሞዴሎች ተፈልገው ከማሳዎቹ ጋር ቢገናኙ፣ አዲሱ ደብተር ሲታተም ‹‹አግድም ስፋት 5,000፣ በገጹ ላይ 5,831፣ አማካይ ተዳፋት 60 በመቶ›› ብሎ ሦስት ቁጥር መጻፍ ይቻላል፤ በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ አንድ መስመር ነው፡፡